መልእክቱ ከእኛ ወጥቷል፤ ታዲያ ለምን አልደረሰም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድ እትም ለመመለስ ወስነናል። ጸሐፊዎቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሱሉልታና ከሰበታ ናቸው፤ አራቱም የድርጅታቸውን ኢሜይል በራሳቸው ሰርቨር ለማስተዳደር ተነሥተው የተቸገሩ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መነሻ ስለሚሆን መልሱን ረዘም አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ ስምንት ሠራተኞች ያሉት የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ አለኝ። ደንበኞች የሚልኩልን የዕቃ ሰነድ በየሠራተኛው የግል ኢሜይል ተበታትኖ መቅረቱ ስላሳሰበኝ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁና ኡቡንቱ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ጫንሁበት፤ ኢሜይል የሚያመላልሰውን ፖስትፊክስንና ከሳጥን የሚያስነብበውን ደቭኮትን አስገብቼም በራሳችን ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ በሚጻፈው ስም) መሥራት ጀመርን። መስመራችን ቋሚ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ያለው የድርጅት መስመር ነው። ከውጭ የሚላክልን ሁሉ በትክክል ይገባል። የምንልከው ግን መጀመሪያ ላይ ጭራሹኑ አይወጣም ነበር፤ ሎጉ፣ ማለትም የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ፣ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» (ግንኙነቱ ሳይሳካ ጊዜው አለፈ) እያለ ይቆይና በአምስተኛው ቀን መልእክቱ ወደ እኛው ይመለሳል። የኢንተርኔት አቅራቢያችንን ጠይቄ 25 ቁጥር ፖርት (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበት በር) ከተከፈተልኝ በኋላ ደግሞ ወደ ጂሜይል የምንልከው 550 5.7.25 በሚል ቁጥር ወዲያውኑ ይመለሳል፤ ወደ አንዳንድ ድርጅቶች የምንልከው ይደርሳል፣ የሚገባው ግን ስፓም (አይፈለጌ መልእክት) ሳጥን ውስጥ ነው። ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ እንደገና ጭኜዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጫነው ወይስ ሌላ ሶፍትዌር ልሞክር?

መልስ፦ እባክዎ አይጫኑት። ከጠቀሷቸው ምልክቶች አንዱም የሶፍትዌር ብልሽት አያሳይም። ፖስትፊክስ መልእክቱን ተቀብሎ ወረፋ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ደጋግሞ ሞክሯል፤ አልሆን ሲለው ለላኪው መልሷል። አምስት ቀን የጠበቀውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ሌላ ነገር ካልተነገረው በስተቀር አንድን መልእክት በወረፋ የሚያቆየው ለዚያን ያህል ጊዜ ነው። ሁለቱ ችግሮችዎ እርስ በርሳቸው የተለያዩ ሲሆኑ ሁለቱም የሚገኙት ከኮምፒውተርዎ ውጭ ነው። ሰርቨሩን መቶ ጊዜ ቢጭኑት የሚያገኙት ያንኑ መልስ ነው።

ለወደፊቱም እንዲጠቅምዎ ሎግ ሲያነቡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት የሩቁ ሰርቨር የሰጠው ባለሦስት አሃዝ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ይሁን። ቁጥር ካለ ሁለቱ ማሽኖች ተገናኝተው ተነጋግረዋል ማለት ነው፤ በ4 የሚጀምር ቁጥር «ቆይተህ ተመለስ» ማለት ሲሆን በ5 የሚጀምር ደግሞ «አልቀበልህም፣ አትመለስ» ማለት ነው። ቁጥር ከሌለና «ታይምድ አውት» የሚል ብቻ ካለ ግን የሩቁ ሰርቨር እርስዎን መኖርዎንም አላወቀም፤ መንገዱ ላይ የዘጋ አለ። የመጀመሪያው ችግርዎ ይህ ነበር። ከውጭ የሚላክልዎ እየገባ የእርስዎ አለመውጣቱ ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚመጣው የእርስዎን 25 ቁጥር ፖርት ሲያንኳኳ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው የሌላውን ሰው 25 ቁጥር ፖርት ያንኳኳልና አንዱ ክፍት ሆኖ ሌላው ሊዘጋ ይችላል። አቅራቢዎች ወደ ውጭ የሚወጣውን የሚዘጉት ቫይረስ የገባባቸው የቤትና የቢሮ ኮምፒውተሮች ባለቤታቸው ሳያውቅ በሺህ የሚቆጠር ስፓም ስለሚረጩ ነው፤ ይህ በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ስለሆነ በክፋት ሊተረጎም አይገባም።

አሁን የደረሱበት ደረጃ ግን ከፊተኛው ይሻላል፤ ቁጥር አግኝተዋልና። ጂሜይል 550 5.7.25 ብሎ ሲመልስ የሚለው ነገር ግልጽ ነው፦ የላኩበት አይፒ አድራሻ የተገላቢጦሽ መዝገብ፣ ማለትም ፒቲአር የለውም፣ ወይም ቢኖረውም ስሙ ወደዚያው አድራሻ አይመልስም። ስሞችንና የአይፒ አድራሻዎችን በሚያገናኘው የኢንተርኔት መዝገብ፣ በዲኤንኤስ፣ ውስጥ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንደኛው ከስም ወደ አድራሻ የሚወስደው ሲሆን እርስዎ ዶሜይን ሲገዙ ያስተካከሉት እሱን ነው። ሁለተኛው ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰው ነው፤ ይህኛው በእርስዎ እጅ የለም፣ በዶሜይን ሻጭዎም እጅ የለም። ማንም ሰው በግቢው በር ላይ የፈለገውን ስም ጽፎ መስቀል ይችላል፤ የቤት ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ግን የወረዳው መዝገብ ነው። የአይፒ አድራሻው ባለቤት የኢንተርኔት አቅራቢዎ ስለሆነ ፒቲአሩን ሊያስገባልዎ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የዶሜይኑን መቆጣጠሪያ ገጽ ሲያገላብጥ ቀኑን የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነው።

ለአቅራቢዎ ሲጽፉ «ኢሜይላችን አልሠራ አለ» ብለው አይጻፉ፤ ጥያቄው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ሲንከራተት ይከርማል። ይልቁንስ ቋሚ አይፒ አድራሻችሁን ከነቁጥሩ፣ ፒቲአሩ የሚያመለክተውን ሙሉ የሰርቨር ስም፣ ይኸውም ከዶሜይናችሁ ፊት «ሜይል» የሚል ቃል ያለበትን ስም፣ በደብዳቤው ላይ ለይተው ያስፍሩ። ከዚያ አስቀድሞ ያ ስም ወደዚያው አድራሻ እንደሚያመለክት በራስዎ ዲኤንኤስ ላይ ያረጋግጡ፤ ተቀባዮቹ ሁለቱን አቅጣጫ ስለሚያስተያዩ አንዱ ከሌላው ካልገጠመ ፒቲአሩ ቢኖርም ዋጋ የለውም። በፖስትፊክስ ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ማይሆስትኔም» በሚለው መስመር ላይ ያለው ስምም ያው ራሱ መሆን አለበት፤ ሰርቨርዎ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ራሱን የሚያስተዋውቀው በእሱ ስም ነውና። አንዳንዶች ሲጭኑ ኮምፒውተሩን የሰየሙበት «ኦፊስ ፒሲ» የሚል ስም እዚያ ቀርቶ እናገኛለን።

ስፓም ውስጥ ስለሚገቡት ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በ1982 የኢሜይል መላላኪያውን ደንብ ሲጽፍ ኔትወርኩ እርስ በርስ በሚተዋወቁ ተቋማት የተያዘ ነበርና ደንቡ ላኪው የተናገረውን ስም እንዳለ ይቀበላል፤ ማንም የማንንም ስም ጽፎ ቢልክ የሚከለክለው የለም። ዛሬ የምንደክምባቸው ሦስቱ መዝገቦች፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ፣ ይህን ክፍተት ለመድፈን በኋላ የተጨመሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ለላኪዎች ባወጡት መስፈርት መሠረት አነስተኛ ላኪ እንኳ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠበቅበታል፤ በቀን 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። ስምንት ሠራተኛ ያለው ቢሮ እዚያ ቁጥር አይደርስም፤ ቢሆንም ሦስቱንም እንዲያስገቡ እመክራለሁ።

ኤስፒኤፍ በዶሜይንዎ ስም ኢሜይል መላክ የሚፈቀድላቸውን ማሽኖች የሚዘረዝር አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከዚህ በፊት ድረ ገጽ የሠራልዎ ሰው አንድ አስገብቶ ከሆነና እርስዎ ሁለተኛ ቢጨምሩ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ ተቀባዩም እንደ ስሕተት ይቆጥራቸዋል። ዲኪም ሰርቨርዎ በእያንዳንዱ ወጪ መልእክት ላይ የሚያኖረው የቁልፍ ፊርማ ነው። ምስጢራዊው ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ ይቀራል፤ ሕዝባዊው ቁልፍ ዲኤንኤስ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል ነገር አለ። 2048 ቢት የሆነው ቁልፍ ሲጻፍ ከ255 ፊደል ይበልጣል፤ አንድ የዲኤንኤስ ጽሑፍ ቁራጭ ግን ከ255 በላይ አይዝም። ስለዚህ ቁልፉ በሁለት ጥቅስ ተከፍሎ መግባት አለበት። አንዳንድ የዶሜይን ሻጮች ገጽ ራሱ ይከፍልልዎታል፤ አንዳንዱ ትርፉን በዝምታ ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ፊርማው ሁልጊዜ የተሳሳተ ሆኖ ይታያል፣ እርስዎም ሰርቨሩን ይጠረጥራሉ። ዲማርክ የሁለቱን ውጤት አይቶ ያልተረጋገጠው መልእክት ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ለተቀባዩ የሚናገር መስመር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ» በሚለው ደረጃ ያቆዩት።

የዲኤንኤሱን ፋይል በራስዎ ሰርቨር ላይ በእጅዎ የሚጽፉ ከሆነ አንድ ቃል ልጨምር። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቱ ያስቀመጠውን ሰርቨር እንደ እርስዎ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ጭኗል፤ በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ግን ከሰርቨሩ ስም መጨረሻ ላይ የተረሳች አንዲት ነጥብ ነበረች። በዚህ ፋይል (ዞን ፋይል ይባላል) ውስጥ ሙሉ ስም በነጥብ ካልተዘጋ ፕሮግራሙ ዶሜይኑን ከኋላው ይደግመዋል፤ ስሙም በዓለም ላይ የሌለ ሌላ ስም ይሆናል።

ፒቲአሩንና ሦስቱን መዝገቦች፣ አራቱንም በአንድ ቀን አያስገቡ። አንዱን ያስገቡ፣ ለውጡ እስኪዳረስ ጥቂት ሰዓት ይታገሡ፣ ከዚያ ወደ ራስዎ የጂሜይል ሳጥን አንድ መልእክት ልከው በኮምፒውተር ላይ «ኦሪጅናሉን አሳይ» የሚለውን ይክፈቱ። የሦስቱ መዝገቦች ስም ከነውጤታቸው ተጽፎ ያገኙታል። በእርግጥ ጂሜይል ይህን የሚያሳይዎ መልእክቱን ከተቀበለ በኋላ ስለሆነ ፒቲአሩ መቅደም አለበት።

አቅራቢዎ ፒቲአሩን ለወራት ቢያጓትትብዎስ? እውነቱን ለመናገር በከተማው ዳርቻ ላለ አነስተኛ ድርጅት እኔ ከመጀመሪያውም የምመርጠው ሌላ መንገድ አለ። መቀበሉና ማስቀመጡ በቢሮዎ ይቆይ፤ የሰነዱ ባለቤትነት ያለው እዚያ ነው። መላኩን ግን ስሙ ለተመሰከረለት የማስተላለፊያ ሰርቨር ይስጡት፤ ወይም ወርኃዊ ኪራይ ከፍለው ፒቲአሩን ራስዎ ማስገባት የሚችሉበት ትንሽ ሰርቨር ከዳታ ማዕከል ይከራዩ። በፖስትፊክስ ውስጥ «ሪሌይሆስት» በሚለው መስመር ላይ የዚያን ሰርቨር ስምና 587 ቁጥር ፖርትን ያስገባሉ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጨምራሉ፤ ኤስፒኤፉ ውስጥም የማስተላለፊያውን ስም ያካትታሉ። 587 ቁጥር በይለፍ ቃል የሚሠራ መግቢያ ስለሆነ አቅራቢዎች አብዛኛውን ጊዜ እንደ 25 ቁጥር አይዘጉትም። ይህን ማድረግ ሽንፈት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ኮንቴይነር ወደብ ላይ ቆሞ በየቀኑ ኪራይ ለሚቆጥርበት ደንበኛ መልእክቱ በማን ሰርቨር በኩል እንደ ደረሰው ጉዳዩ ነው ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ በኮዬ ፈጬ የአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ነኝ። የኢሜይል ሰርቨራችን በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ አንዳንዴም ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚጠፋ፣ ወላጆች የላኩት ይጠፋብናል ብለን እንሰጋለን፤ ባለሙያችን ሁለተኛ መጠባበቂያ ሰርቨር እንድንገዛ ይመክረናል። መብራት ከተመለሰ በኋላ የሚገቡ አንዳንድ መልእክቶች ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀበልናቸው ይመስል ከሳጥኑ ግርጌ ይገኛሉ። በተጨማሪም መምህራን «በ6 ሰዓት ልኬ ነበር» ሲሉኝ ሎጉን ብመለከት በ6 ሰዓት ምንም ነገር የለም።

መልስ፦ ስለሚላክላችሁ አትስጉ። የኢሜይል ደንብ የተጻፈው ማሽኖች ይጠፋሉ በሚል ግምት ነው። የላኪው ሰርቨር የእናንተን ሰርቨር ሲያጣው መልእክቱን በራሱ ወረፋ ይዞ እየደጋገመ ይሞክራል፤ ደንቡም ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን እንዲጠብቅ ያዛል። የአንድ ቀን የመብራት መጥፋት የሚያስከትለው መዘግየትን እንጂ መጥፋትን አይደለም። መጠባበቂያ ሰርቨሩን አትግዙ፤ ገንዘቡ ቢተርፋችሁ እንኳ አትግዙ። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ጥበቃው የላላ ይሆናል ብለው አስቀድመው የሚሄዱት ወደ መጠባበቂያው ስለሆነ ሁለት በር መጠበቅ ይሆንባችኋል። በዚያ ገንዘብ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ግዙ፤ ራውተሩንም ከዩፒኤሱ ጋር ማገናኘቱን አትርሱ። ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ያው ጨለማ ነው። ዩፒኤሱ በገመድ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገር ዓይነት ከሆነ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓት ራሱን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል፤ ዲስክን የሚጎዳው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው።

ከሳጥኑ ግርጌ ስለሚገኙት መልእክቶች የምጠረጥረው በሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ባትሪዋ ብዙ ጊዜ የሞተች ናት። መብራት እስካለ አይታወቅም፤ ሲጠፋ ግን ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሣ ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪያስተካክል ድረስ የገባው ሁሉ አሮጌ ቀን ይታተምበታል። ከዚህ የባሰም ይከተላል። በዚያች ጊዜ ከውስጥ የተላከና ኢንተርኔት ባለመኖሩ ወረፋ የገባ መልእክት ሰዓቱ በተስተካከለ ቅጽበት ዓመታት የቆየ ሆኖ ይቆጠራል፤ የሚቀጥለው ሙከራ ካልተሳካ አምስት ቀኑ እንዳለፈበት ተቆጥሮ ወዲያው ይመለሳል። ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች፤ ሰዓት ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድም ትገኛለች።

የ6 ሰዓቱ ነገር ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ስለሆነ ነው። የአገራችን ሰዓት ከዩቲሲ በሦስት ይቀድማል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ በስድስት ይለያል። ሁለቱ ሲጣመሩ ሎጉ ላይ ካለው ሰዓት ሦስት ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይገኛል። መምህሩ ቀን በ6 ሰዓት የላኩትን ሎጉ ላይ የሚያገኙት በ9 ሰዓት ነው። ሰርቨሩን በአዲስ አበባ ሰዓት ካስተካከላችሁት ደግሞ የሚቀነሰው ስድስት ይሆናል። ከውጭ ካለ ተቀባይ ጋር ሎግ ማስተያየት ስለሚያጋጥም እኔ በዩቲሲ እንዲቆይ እመርጣለሁ፤ ሦስት መቀነስ ለማንም አይከብድም።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ድረ ገጻችን ቦታ ለያዘ እንግዳ በአማርኛ ማረጋገጫ ይልካል። የመልእክቱ ርእስ አጭር ሲሆን በትክክል ይነበባል፤ ረዘም ሲል ግን መካከሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ጥቁር አልማዞች ይታያሉ። የፊደል ጉዳይ ነው ተብለን ሌላ ፎንት ብንሞክርም አልተለወጠም።

መልስ፦ ፎንቱን ተዉት። የኢሜይል ርእስ በመሠረቱ ለላቲን ፊደል ብቻ የተበጀ ስለሆነ ሌላ ፊደል በርእስ ውስጥ የሚሄደው ተጠቅልሎ ነው፤ አንዱ ጥቅል ደግሞ ከነመክፈቻውና ከነመዝጊያው ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። መክፈቻውና መዝጊያው ሲቀነሱ፣ ጥቅሉም ጽሑፉን ሦስቱን ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለካበት አሃድ) በአራት ምልክት ስለሚጽፍ፣ ለጽሑፉ የሚተርፈው 45 ባይት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ በአንድ ጥቅል ውስጥ የሚገባው 15 ፊደል ብቻ ነው። ርእሳችሁ ከዚያ ሲያልፍ ለሁለት መከፈል ግድ ይለዋል።

የድረ ገጹ ፕሮግራም የሚከፍለው ባይት እየቆጠረ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሁሉም ፊደል ሦስት ባይት ቢሆን ኖሮ 45 በሦስት ስለሚካፈል በዕድል ይተርፍ ነበር፤ ነገር ግን በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ አንድ ባይት ብቻ ነው። አንድ ክፍት ቦታ ሲገባ ስሌቱ ይዛነፍና መቀሱ የአንዱን ፊደል ወገብ ይቆርጣል፤ ግማሹ በፊተኛው ጥቅል፣ ግማሹ በኋለኛው ይቀራል። አልማዞቹ የተቆረጠው ፊደል ሁለት ቁራጮች ናቸው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራመሮች ይህን ጥፋት ሳያዩት ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። ድረ ገጹን ለሠራላችሁ ሰው ርእሱን በራሱ እጅ መጠቅለሉን ትቶ ለኢሜይል ተብሎ የተዘጋጀ ላይብረሪ (ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል) እንዲጠቀም ንገሩት፤ እነዚያ የሚከፍሉት በፊደል ድንበር ላይ ነው። እስከዚያው ድረስ «ክፍልዎ ተይዟል» የሚል አጭር ርእስ ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ ለአበባ እርሻዎች ማሸጊያ የምናቀርብ ድርጅት ነን። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የኢሜይል ሰርቨራችን ወረፋ ውስጥ ወደ አርባ ሺህ የሚጠጉ እኛ ያልጻፍናቸው መልእክቶች አገኘን። አሁን የምንልከው ሁሉ አድራሻችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ነው እየተባለ ይመለሳል። ለማን እናመልክት?

መልስ፦ ማመልከቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። አስቀድመው ወረፋውን በሙሉ ያግዱት፤ ፖስትፊክስ መልእክቶቹን ሳያጠፋ ባሉበት የሚያቆምበት ትእዛዝ አለው። ወዲያው አይሰርዟቸው፤ ማስረጃው እነሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ሎጉ ውስጥ በይለፍ ቃል ገብቶ የላከውን ሰው ስም የሚያሳየውን «ሳስል ዩዘርኔም» የሚለውን ይፈልጉ። ከአርባ ሺሁ አብዛኛው በአንድ ሠራተኛ ስም የወጣ ሆኖ ካገኙት የዚያ ሰው የይለፍ ቃል ተገምቷል ወይም ተሰርቋል ማለት ነው። የድርጅቱ ስምና ከኋላው 123 የሆነ የይለፍ ቃል ሌባ ይቅርና ሕፃን ልጅም ይገምተዋል። ቃሉን ይለውጡ፤ ሰርቨሩንም እንደገና ያስነሡ፣ አለዚያ ቀድሞ የገባው ሌባ በከፈተው ግንኙነት መላኩን ሊቀጥል ይችላል። በሠራተኛው ሳጥን ውስጥ ገቢ መልእክቶችን ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ተቀምጦ እንደሆነም ይመልከቱ።

የሠራተኛ ስም ካላገኙ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በቤትና በቢሮ ሰርቨሮች ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርዎ። ሎጉ ላይ ከውጭ የመጣው ግንኙነት ሁሉ 192.168.1.1 ከሚል የውስጥ አድራሻ የመጣ መስሎ ይታያል? ይህ የራውተሩ አድራሻ ነው። አንዳንድ ራውተሮች ከውጭ የሚመጣውን ወደ ሰርቨሩ ሲያሳልፉ የመጣበትን አድራሻ በራሳቸው አድራሻ ይተኩታል። ፖስትፊክስ ደግሞ «ማይኔትወርክስ» በሚለው መስመር ላይ የቢሮው ውስጣዊ አድራሻዎች ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል እንዲልኩ ተፈቅዶላቸው ከሆነ የዓለም ስፓም ላኪ በሙሉ የቢሮው ሠራተኛ ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ መስመር ላይ ከሰርቨሩ ከራሱ፣ ከ127.0.0.1 በቀር ምንም አይተዉ፤ ሠራተኞቹ ቢሮ ውስጥም ሆነው በ587 ወይም በ465 ቁጥር ፖርት በይለፍ ቃል ይላኩ። የራውተሩንም ቅንብር ያስተካክሉ፤ ካልሆነ በይለፍ ቃል ግምት የሚያስቸግረውን አድራሻ እንዲያግድ ፌይልቱባን የተባለውን ፕሮግራም ቢጭኑ መጀመሪያ የሚያግደው ራውተሩን ይሆንና ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ይዘጋል።

ምንጩ ከደረቀ በኋላ የታገዱትን መልእክቶች ላኪያቸውን እየለዩ ይሰርዙ፤ መካከላቸው የእናንተው እውነተኛ ደብዳቤዎች አሉና በጅምላ አያጥፏቸው። አድራሻችሁን ማን እንደመዘገበው የሚናገረው ተመልሶ የመጣው መልእክት ራሱ ነው። የስፓም ላኪ አድራሻዎችን የሚመዘግበው ስፓምሃውስ ከሆነ ከመዝገቡ የሚያወጣው በነፃ ነው፤ ገንዘብ ከፍላችሁ እናስወጣችሁ የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት። የስፓምሃውስ መዝገብም አንድ ዓይነት አይደለም። ፒቢኤል በሚለው ዝርዝር ውስጥ መገኘት ጥፋት ፈጽማችኋል ማለት ሳይሆን አድራሻችሁ በቀጥታ ኢሜይል ሊልክ ከማይጠበቅ መስመር የተሰጠ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ለለገጣፎው ጠያቂ የነገርናቸው የማስተላለፊያ ሰርቨር ነው። በሌሎቹ ዝርዝሮች ከሆነ ግን ጥያቄውን የምታቀርቡት ወረፋው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጸጥ ብሎ ካደረ በኋላ ይሁን፤ ስፓሙ ሳይቆም የወጣ አድራሻ በማግስቱ ተመልሶ ይገባል፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አይቀበሉትም።